ካቻቢቴ ያልነካው ብሎን

ወልቂጤ ውስጥ መኪና የሚመረመረው በጆሮ ነው። መካኒኩ ሞተሩን ያስነሳል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ሁለት ጊዜ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ይፈርዳል። መለኪያ አይዝም። መለኪያ የያዘ ሰው ገና ሙያውን በመማር ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ከእነዚህ ባለጆሮዎች መካከል ከተማው «ዶክተር» የሚለው አንዱ ከሁሉም ይበልጣል። ዶክተር ያሉት ብዙ መኪና ስላዳነ አይደለም፤ ሲናገር ስለማይጠራጠር ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ አጋጥመውኛል፤ አብዛኞቹ መግለጫ ሰጪዎች ነበሩ። ይሄኛው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የአንድን ሰው በር ሊያዘጋ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከታላቅ ወንድሜ መኪና ነው። ወንድሜ ነጋዴ ነው። ከአረቅጥና ከእምድብር ቆጮ፣ ቡላና ቃጫ እየሰበሰበ ቡታጅራና ወልቂጤ ያራግፋል። የሚጭነው በራሱ የቤት መኪና ነው። ጭነት መኪና ተከራይ ሲሉት ይቆጣል፤ መኪናው ሰው ሁሉ እንዲያይለት የተገዛ ነውና ሥራ ላይም መታየት አለበት። የኋላ ወንበሮቹን አጥፎ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ ይደረድራል። የተረፈውን የቃጫ ነዶ ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር ሥር ይወትፋል። ከእሱ ጋር የሄደ ሰው ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። እኔም ሄጃለሁ።

ባለፈው ክረምት የዚህ መኪና ፋን ታመመ። ፋን የምለው ዳሽቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚነፋውን ነው። ማብሪያው አራት ደረጃ አለው። በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ዝም፤ በአራት ብቻ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። በበጋ ቢሆን ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። ክረምት ላይ ግን ከቡታጅራ ተነስቶ በአረቅጥ በኩል ወደ ጉብሬ የሚወርድ ሰው ጉም ውስጥ ነው የሚነዳው። ፋኑ ካልነፋ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ይደፈናል። ወንድሜ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው እጁ የጃኬቱን እጅጌ ይዞ መስታወት እየጠረገ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። አራተኛውን ለምን አትከፍተውም ስለው «ጩኸቱ ራሴን ያዞረኛል» አለኝ። ገደል ራስ ከማዞር ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ቡታጅራ የማውቀው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርና ወደ እሱ ወሰድኩት። ይህን ሰው የመሥሪያ ቤታችንን መኪና መብራት ሲሠራ ነው የተዋወቅኩት። የመስቃን ሰው ነው፣ አምሳን አልፏል፣ ከአንድ ነጋዴ ግቢ ጥግ ላይ በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል ነው የሚሠራው። ምን ይመስልሃል ተብሎ ሲጠየቅ «ልለካው» ነው መልሱ። ሌላ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። እሱ ጋ የወሰድኩት ለዚህ ነው።

የዳሽቦርዱን ኪስ አውጥቶ እጁን ከውስጥ ሰደደና ሁለት ብሎን ፈትቶ ጣት የምታህል ነገር መዘዘ። በላይዋ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ሽቦ አለ።

«ሬዚስተር ማለት ይቺ ናት» አለ። «ሥራዋ ኮረንቲን ማስቸገር ነው። ባስቸገረች ቁጥር ትግላለች። አራተኛው ላይ ኮረንቲው እሷን ሳያይ በቀጥታ ያልፋል፤ ለዚህ ነው አራት ብቻ የሚሠራላችሁ።»

የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ጫፍና ጫፏ ላይ አሳረፈ። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ተቃጥላለች።»

ወንድሜ «በቃ? ይቺ ናት?» አለ። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ነገር ጠብቆ ነበር። ለእሱ መኪና የማትመጥን በሽታ ሆነችበት።

ሻይ ልጠጣ ብሎ ሄደ። ከዚያ እኔም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ተደውሎልኝ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስመለስ አዲስ ሬዚስተር ገብታ ሥራው አልቆ ነበር፤ ፋኑም በአራቱም ደረጃ ይነፋ ነበር። ይህን ግማሽ ሰዓት የምጠቅሰው በኋላ ስለተጠየቅኩበት ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ፋኑ ያንኑ አደረገ፤ በአራት ብቻ። ወንድሜ ያን ዕለት ወልቂጤ ነበርና መኪናውን ለዶክተሩ አቀረበው። እኔም ነበርኩ። ዶክተሩ ፋኑን በአራት አስከፈተ፣ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ጫነ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ነፍስ ያለው ነገር የሚዳስስ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ለወንድሜ አዘነለት።

«ጋሼ፣ ይሄ የፋን ሞተር ያንተ አይደለም።»

«እንዴት?»

«የቻይና ነው። ድምፁን ስማው። ኦርጅናሉ ተነስቶልሃል። ማን ነበር የነካው?»

«ቡታጅራ አንድ…»

«በቃ።»

«አይተኸዋል ሞተሩን?» አልኩት።

ዶክተሩ በትዕግሥት አየኝ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ስትጽፍ ሁሉን አይተህ ነው?»

በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ከዚህ የተሻለ መልስ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር፤ ጥያቄዬን ግን አልመለሰልኝም። ወንድሜም መልሱን አልፈለገም። በመኪናው ውስጥ ሌባ የነካው ኦርጅናል ዕቃ ነበረ መባሉ፣ ከጣት ከማትበልጥ ሽቦ ይልቅ ደስ አሰኝቶት ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት መናኸሪያ ሄዶ ለተራ አስከባሪው ነገረው። ተራ አስከባሪው የሰማውን ነገር የወልቂጤና የቡታጅራ ሾፌር ሁሉ እስኪመሽ ይሰማል።

ከአምስት ቀን በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ደወለልኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ድምፁን ሳይለውጥ ነው የነገረኝ።

«ከወልቂጤ ወደ እኔ የሚመጣ መኪና ቀርቷል። የግቢው ባለቤት ደግሞ ሌባ የተባለ ሰው በግቢዬ አላኖርም ብሏል። ወንድምህ ሽማግሌ ልኳል። ዓርብ ቁርዓን ይዤ ካልማልኩ ክፍሏን እለቃለሁ።»

«ትምላለህ?»

«አልምልም።»

ለምን ብዬ ልጠይቀው ስል «ዓርብ ና» ብሎ ዘጋው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በአንድ ሐጂ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ባለመጋዘኑ ሐጂ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር፣ እና አፋቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ያልከፈቱ ሌላ አዛውንት። ወንድሜ ዶክተሩን ምስክር ብሎ ከወልቂጤ ጭኖት መጥቷል። መኪናው ከበረንዳው አሥር እርምጃ ርቆ ቆሟል። ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተነው ነበር የተቀመጥነው።

ከዚያ ንግግሩ ጀመረ። ሽምግልና ብዙ ዘግቤአለሁ፤ ጥቅሙንም አልክድም። ደም ሲያደርቅ አይቻለሁ። የሆነ ነገር መሆን አለመሆኑን እንዲያጣራ ግን አልተሠራም። መምህሩ ስለ አብሮ መኖር፣ ስለ አባቶች ቃል፣ ስለ መተማመን ተናገሩ። ሁሉም አማረ። ስለ ፋን ማንም አንድ ቃል አላነሳም። ዶክተሩ የሰማውን ድምፅ በአፉ አስመስሎ አሰማ፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐጂ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞሩ። «ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አልነካሁም ብለህ ቁርዓን ያዝና ማል፤ እኛም እናምንሃለን፤ እሱም ያምንሃል።»

«ሐጂ፣ አልምልም።»

ወንድሜ «አያችሁ?» አለ።

«ለምን?» አሉ ሐጂ። ፊታቸው ጠቆረ።

«በካቻቢቴ የሚፈታን ነገር በቁርዓን አልምልም። መኪናው ያው ቆሟል። ሞተሩ ውስጡ ነው። ፈትታችሁ እዩት። አላህን የምጠራው ለሰው ዓይን የተሰወረ ነገር ሲሆን ነው።»

«መማል የሚፈራ ሰው ምክንያት አያጣም» አለ ዶክተሩ።

መምህሩ እኔን አዩኝ። «አንተ መኪናውን ይዘህ የመጣኸው ነህ። ሥራው ሲሠራ ነበርክ?»

«ሲጀመር ነበርኩ። ሬዚስተሯን ሲያወጣና ሲለካ አይቻለሁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል አልነበርኩም።»

«ስለዚህ ሞተሩን አልነካም ብለህ ልትመሰክር አትችልም?»

«አልችልም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ዞሮ አየኝ። ነበርኩ ማለት ቀላል ነበር፤ ማንም አያስተባብለኝም። እሱ ግን «እውነቱን ነው፤ አልነበረም» አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ወንድሜ ጉልበቱን መታ። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

«ይከፈት» አልኩ። «ፋኑ ይከፈት፤ አሁን፣ እዚሁ።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ለሰው እንጂ ለመኪና አይቀመጥም።»

«ለሰው ነው የተቀመጣችሁት። ሰውየው ክፍሉን የሚለቀው በዚያ ዕቃ ነው። ዕቃውን ሳታዩ ምኑን ነው የምትዳኙት?»

«እሱ ከነካው ይለውጠዋል» አለ ወንድሜ። «አላስነካም!»

«እኔ አልነካም» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ምስክሩ ይፍታው። ሞተሩ የቻይና ነው ያለው እሱ ነው።»

ሐጂ ተነሱ። መቼም ሐጂ ከተነሱ ማንም አይቀመጥም። ዶክተሩ ካቻቢቴ ተሰጠው። ወደ መኪናው ሄደ፣ በሾፌሩ በኩል ገባ፣ ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን መፍታት ጀመረ። አንዱን ብሎን ፈታ፤ ሁለተኛውን ፈታ። ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያይ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሐጂ ጠየቁ፤

«ሞተሩ እዚያ ነው?»

ዶክተሩ ሽፋኑን አወረደ፤ ከውስጥ ሽቦ ብቻ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ሰውየው ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። የቻይና ነው ያለው ያልነካውን፣ ያላየውን፣ የት እንዳለ የማያውቀውን ዕቃ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ በአገጩ ወደ ተሳፋሪው በኩል አመለከተ። «በዚያ ነው። ከዳሽቦርዱ ኪስ በታች። ሦስት ብሎን አለው።»

«አውቃለሁ» አለ ዶክተሩ።

«ማወቅህን አይተናል» አሉ ሐጂ።

ዶክተሩ ወርዶ ዞሮ ሄደና የዳሽቦርዱን ኪስ አወጣ። ከመፍታቱ በፊት ግን ሐጂ አስቆሙት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ወንበሩ ላይ በጎናቸው ተጋደሙ፣ የስልካቸውን መብራት አበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው እግራቸው በበሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ከዳሽቦርድ ሥር ሲያዩ ያን ቀን ካየሁት ሁሉ የተከበረው ነገር እሱ ነበር።

«ብሎኖቹ ላይ ቢጫ ቀለም አለ» አሉ ከሥር።

«ፋብሪካው ሲገጥም ያስነካዋል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ብሎኑ አንድ ጊዜ ከዞረ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ተሰንጥቋል ሐጂ?»

«አንዱ አልተሰነጠቀም። ሁለተኛውም። ሦስተኛው… አቧራ ነው፤ ቆይ ልጥረገው። እሱም ደህና ነው።»

«መምህርም ይዩት።»

መምህሩም አዩ። ዝም ያሉት አዛውንትም አዩ። እኔም አየሁ፤ ፎቶም አነሳሁ። ወንድሜ ና እይ ቢሉት አልመጣም። ከዚያ ዶክተሩ ካቻቢቴውን አስገብቶ የመጀመሪያውን ብሎን ሲያዞር ቀለሙ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁላችንም ሰማነው። በጆሮ የተረጋገጠ ነገር ካለ ያ ብቻ ነበር።

ሞተሩ ሲወርድ ከነፋኑ ወረደ። ዘንጉ ላይ፣ ከፋኑ ሥር፣ ቡናማ ጥቅል ነበር። ሐጂ በጣታቸው ያዙና ሳቡት። መጣ። ሲስቡት መጣ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። ዘንጉ ላይ እንደ ክር ማጠንጠኛ ተጠምጥሞ ነበር።

«ይሄ ቃጫ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ነበር። ወንድሜ ከተሳፋሪው እግር ሥር ከሚወትፈው ነዶ ፋኑ ክሩን አንድ በአንድ ሲስብ ከርሟል፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ እዚያው ነውና። ቃጫው ዘንጉን አንቆ ሲይዘው ሞተሩ ለመዞር ኮረንቲ አብዝቶ ይስባል። ያ ሁሉ ኮረንቲ በሬዚስተሯ ውስጥ ያልፋል። ሬዚስተሯ ደግሞ የምትቀዘቅዘው ፋኑ በሚነፋው አየር ነው፤ ፋኑ በቀስታ ሲዞር አየሩም የለም። የመጀመሪያዋም የተቃጠለችው እንዲህ ነው፤ ሁለተኛዋም። ይህን ኤሌክትሪሺያኑ ነው ያስረዳው። ሲጨርስ ግን አላቆመም።

«አንድ ጥፋት አለብኝ» አለ። «ሬዚስተሯ መቃጠሏን ለካሁ፤ ምን እንዳቃጠላት አልጠየቅኩም። ያን ቀን ሞተሩን አውርጄ ማየት ነበረብኝ። ሰነፍኩ። ይሄ የኔ ነው።»

የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። ይሄን ነበር የሚጠብቁት። መምህሩ እጃቸውን አነሱ። «አያችሁ? እሱም አጥፍቷል፣ አንተም አጥፍተሃል። ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ፣ እንመርቅ።»

ወንድሜ እየሳቀ ተነሳ፤ እጁን ዘረጋ። ክሱ ከሌብነት ወደ ስንፍና ወርዶለት እኩል ለእኩል ሊታረቅ ደስ ብሎታል። በሽምግልና ሚዛን ላይ ሁለቱ ጥፋቶች አንድ ክብደት አላቸው፤ ሚዛኑ የሚፈልገው ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን እንዳይመጣ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ እጁን አልዘረጋም።

«ሰነፍክ ቢለኝ ዛሬውኑ እስመው ነበር። ሌባ ነው ያለኝ። ሌባ ያለኝ ደግሞ እዚህ አይደለም፤ መናኸሪያ ነው። እዚያው ይመልሰው።»

«ወልቂጤ ድረስ?» አለ ወንድሜ።

«ስልክ አለህ።»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እንዳግዘው ነው። «ደውል ጋሼ» አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያዘዝኩት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

ለተራ አስከባሪው ደወለ። ሐጂ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈተው። ከወዲያ የሚኒባስ ጥሩምባና የረዳቶች ጩኸት መጣ።

«እኔ ነኝ። ያ የቡታጅራው ኤሌክትሪሺያን… ሞተሬን አልሰረቀም።»

«እ? ታዲያ ማን ነው የሰረቀው?»

«ማንም አልሰረቀም። ሞተሩ ያው የራሴ ነው።»

«ቆይ ጋሼ፣ ዶክተሩ ተቀይሯል አላለም እንዴ?»

ወንድሜ ዶክተሩን ፈለገ። ዶክተሩ ከመኪናው ኋላ የጎማውን ነፋስ በእግሩ እየመታ ይመረምር ነበር።

«ዶክተሩ አላየውም።»

«ሳያይ ነው የተናገረው?»

«ሳያይ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው ታዲያ ፋንህ?»

ወንድሜ ከሞተሩ የወጣውን ቃጫ አየ። ሐጂ ጠበቁት። ሁላችንም ጠበቅነው።

«ቃጫ ነው» አለ። «የራሴ ቃጫ ገብቶበት።»

በስልኩ ውስጥ ሳቅ መጣ፤ የአንድ ሰው አልነበረም። ተራ አስከባሪው ከስልኩ ርቆ ለሌሎቹ ሲጮህ ሰማን። «ስሙ እናንተ! ጋሼ ፋኑን ገመድ እያስገመደው ነው!» ወንድሜ ዘጋው።

ኤሌክትሪሺያኑ አሁን እጁን ዘረጋ። ወንድሜ ጨበጠው፤ ፊቱን ግን ወደ መጋዘኑ አዙሮ ነው። ሐጂ እዚያው ቆመው ለግቢው ባለቤት ደወሉ። «ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ይቆያል» አሉት፤ ምክንያቱን አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። መምህሩ መረቁ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ስለ እውነት ብዙ ተባለበት።

ሰው መበታተን ሲጀምር ወንድሜ ሞተሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ እንኳ ሳይሰናበት ሄዷል።

«አሁን ትገጥምልኛለህ አይደል?» አለው ለኤሌክትሪሺያኑ። ሌላ ማንም ሊገጥምለት እንደማይችል ያን ጊዜ ነው የገባው።

«ሰኞ አምጣው። አዲስ ሬዚስተር ይፈልጋል፤ ሞተሩም ስንት ኮረንቲ እንደሚስብ ልለካው።»

«ዛሬ ምን ትሠራለህ? እጅህ ላይ ሥራ የለም!»

«ዛሬ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ሰው ይየኝ።»

አብሬው ሄድኩ። የቆርቆሮዋን በር ከፈተ። የሚሠራው መኪና አልነበረም። ወንበሩን ወደ ደጅ አውጥቶ መንገዱን ፊት ለፊት አድርጎ ተቀመጠ።